ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት፦ የአልመንድ ኩኪስ መንገድ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ሰበታን ያገኛል፤ ወደ አምቦ የሚወስደው ቡራዩን፤ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያቀናው ደግሞ ሱሉልታን። በሦስቱም ከተሞች ዛሬ ኩኪስ በቤታቸው ጋግረው ለጎረቤትና ለሱቅ የሚያቀርቡ ሴቶች አሉ። የቻይናውን የአልመንድ ኩኪስ አሠራር በስልካቸው አይተው «ይሄስ ለኛ አይሆንም» ብለው የተዉትም ጥቂት አይመስሉኝም። አልመንዱ ውድ ነው፤ አሠራሩ የሚጠይቀው የአሳማ ስብ ከቤታቸው አይገባም፤ መብራቱም አያስተማምንም። እኔ ግን ይህ ኩኪስ ለኛ ወጥ ቤት እንግዳ አይደለም ባይ ነኝ። የሚያስፈልገው ዱቄት፣ ቅባት፣ ስኳር፣ የሚወቀጥ ፍሬና ደረቅ ሙቀት ነው። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው ዘመን፣ በብዙ ሰው ድካም፣ ወደነዚህ ከተሞች መጥተዋል። አመጣጣቸውን ከሥሩ እንከተለው።

ስንዴና ገብስ በኢትዮጵያ ደጋ የከረሙ እህሎች ናቸው። በአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች ታጅቦ ይታያል። መንግሥቱ የሚኮራበት ነገር እህሉ ነበርና። ከእህሉ ይልቅ ግን ለታሪካችን የሚጠቅመው የእሳቱ አያያዝ ነው። እንጀራ እሳት ከሥሩ ብቻ ይበቃዋል፤ አክንባሎው እንፋሎቱን አፍኖ ላዩን ያበስለዋል። ድፎ ዳቦ ግን እንዲህ አይሆንም። የሸክላው ምጣድ ይሰማል፣ የኮባ ቅጠል ይነጠፍበታል፣ የቦካው ሊጥ ይደፋል፣ በኮባ ይሸፈናል፤ ከዚያ ሌላ ምጣድ ይከደንበትና ፍም ወይም የሚነድ ኩበት ከላዩ ይደረጋል። «እንደ ዳቦ ከላይም እሳት ከታችም እሳት ነደደብኝ» የሚለው የመከረኛ ሰው ምሬት የወጣው ከዚህ ነው። የአውሮፓም ሆነ የቻይና ጋጋሪ በጡብ ምድጃ የሚያገኘውን ከሁለት ወገን የሚመጣ ሙቀት የኛ እናቶች በሁለት ምጣድና በአንድ እቅፍ ኩበት ያገኙት ነበር። ይህን ጥበብ እንደ ተራ ነገር ማየት ትልቅ በደል ነው።

በሱሉልታና በሰላሌ ደግሞ ጭኮ አለ። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ዱቄቱ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። ቅቤው እያንዳንዷን የዱቄት ቅንጣት ስለሚለብሳት ነገሩ አይለጠጥም፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ፍርስ ይላል። ጭኮ የሚያውቅ ሰው የኩኪስን ግማሽ ምሥጢር ያውቃል። ኩኪስም ፍርስ የሚለው ቅባቱ ዱቄቱን ቀድሞ ስለሚይዘውና ውሃ የሚገባበት ስለሚያጣ ነው።

አሁን ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንሻገር። አልመንድ፣ በኦሪት ዘጸአት የመቅረዙ ጌጥ ሆኖ የተጠቀሰው ዛፍ ፍሬ፣ የምዕራብ እስያና የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል እንጂ የቻይና አይደለም። በ9ኛው መቶ ዓመት የታንግ ሥርወ መንግሥት ጸሐፊ የነበረው ዱዋን ቼንግሺ የአልመንድን ዛፍ የፋርስ ሀገር ዛፍ ብሎ መዝግቦታል። ቻይናውያን በብዛት የለመዱት የአፕሪኮትን ፍሬ ሰብረው ከውስጥ የሚያወጡትን ለስላሳ አስኳል ነው፤ መዓዛው ከአልመንድ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። እስከ ዛሬም ብዙ የቻይና «አልመንድ» ጣፋጭ የሚሠራው ከዚሁ ነው።

የዚያው የታንግ ዘመን ነው የሚባል አንድ ወግ አለ። ጂያንግሺ ውስጥ ወደምትገኘው፣ የሸክላ ሥራ መናኸሪያ ወደ ሆነችው ወደ ጂንግደጀን ከተማ ሊሠራ የሄደ አንድ ገበሬ ነበር ይላል ወጉ። ምግብ ለማብሰል ጊዜ ስላልነበረው ያመጣውን ዱቄት አሽቶ በሸክላው እቶን ዳር ጋገረው፤ ሳል ያስቸግረው ስለነበር ለመድኃኒት የሚበላውን አስኳል ጨመረበት። ታኦ ሱ የሚባለው፣ ላዩ የሚሰነጣጠቅ ደረቅ ብስኩት ከዚህ መጣ ይላሉ። ወግ ነውና እንደ ወግ ይያዝ። ቢሆንም ሸክላ ሠሪው የብስኩት አባት መደረጉ ደስ ይለኛል፤ በኛም ሀገር ያለ ሸክላ ሠሪዎቹ ምጣድ ዳቦ አልነበረም፤ ክብሩን ግን አላገኙትም።

በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግና በአጠገቧ ባለችው ማካው፣ ብስኩቱ ሁለት ዓይነት መልክ ያዘ። አንደኛው በስንዴ ዱቄት፣ በስኳርና በአሳማ ስብ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው የማካው አልመንድ ብስኩት ነው፤ የማሾ ዱቄት በስኳርና በስብ ይታሽና የተፈጨ ፍሬ ገብቶበት በእንጨት ቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይጋገራል። ማሾ እኛም ዘንድ በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላ ይበቅላል፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይገበያያል። ታስሮ ወደ ውጭ ከሚላከው ላይ ጥቂቱን አስቀርቶ በጭኮ አሠራር የሚሞክር ሰው የማካውን ብስኩት ጎረቤት ያገኛል።

ኦቾሎኒ ወደ ቻይና የገባው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ አውሮፓውያን መርከበኞች ወደ እስያ ካደረሱት በኋላ በደቡብ ቻይና አሸዋማ መሬት ላይ በፍጥነት ተስፋፋ። አልመንድ ያላገኘው ቤት ኦቾሎኒ ወቀጠ፤ ስብ ያላገኘው በኦቾሎኒ ዘይት አሸ። ዛሬ በማሌዥያና በሲንጋፖር የሚኖሩ ቻይናውያን ለዘመን መለወጫቸው የሚጋግሩት የኦቾሎኒ ኩኪስ ሊጡ ቅቤም እንቁላልም የለውም፤ እንቁላል ከገባ ላዩን ለመቀባት ብቻ ነው። ይህን እዚህ ያነሣሁት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

በ1848 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ሲባል ከጓንግዶንግ ብዙ ወንዶች ተሰደዱ። ወርቁ ሲመናመን ከ1865 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩት በባቡር ሐዲድ ሥራ ገቡ። የሴራ ኔቫዳን ግራናይት ተራራ በመዶሻና በባሩድ ሰርስረው ሐዲዱን አሳለፉ። በግንቦት 1869 እ.ኤ.አ. ምሥራቅና ምዕራብ አሜሪካ በሐዲድ ሲገናኙ የተነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ ላይ ግን የቻይናውያኑን ፊት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ1882 የአሜሪካ መንግሥት የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለ። ከብዙ ሥራ የተገፉት ስደተኞች የልብስ ንጽሕናና ምግብ ቤት ከፈቱ። በ1915 የምግብ ቤት ባለቤቶች እንደ ነጋዴ ተቆጥረው ከቻይና መመላለስ እንዲችሉ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ የምግብ ቤቶቹ ቁጥር አደገ። ከምግብ በኋላ ከሻይ ጋር የምትቀርበው፣ መሐሏ ላይ አንድ ሙሉ አልመንድ የተጫነባት ቢጫ ኩኪስ የታወቀችው በነዚህ ቤቶችና በቻይናታውን ዳቦ ቤቶች ነው። አልመንዱም ሩቅ አልነበረም። የዓለምን አልመንድ 80 በመቶ ያህል ዛሬ የምታመርተው ካሊፎርኒያ ናት። የጓንግዶንግ እጅ የካሊፎርኒያን ፍሬ አገኘ ማለት ነው፤ ያገኘነውን እንሥራበት ያሉ ስደተኞች የፈጠሩት ምግብ ነው።

በዚያው የስደት ዘመን እኛ ዘንድ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትመሠረት ትልቁ ጭንቀቷ ማገዶ ነበር። በዙሪያዋ ያለው ደን በጥቂት ዓመታት ተጨፈጨፈ፤ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። ከተማዋን ያቆያት በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የእንጦጦ ቁልቁለት የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች መንገድ ሆነ፤ ከወገባቸው ጎብጠው ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም ያወርዳሉ። ከእንጦጦ ጀርባ የሱሉልታ ሜዳ ሰው ኩበት ጠፍጥፎ ያነድዳል። ዳቦ በዓመት ለበዓልና ለድግስ ብቻ የሚጋገር ምግብ የሆነው ለዚህ ነው፤ ከላይና ከታች ለሚነድ እሳት ማገዶ በየቀኑ ከየት ይመጣል? ከእህሉ እጥረት ይልቅ የማገዶው ዋጋ ዳቦን ብርቅ አድርጎት ኖሯል ብዬ አምናለሁ።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት በጆንያ መግባት ቀለለው። የግሪክ፣ የአርመንና የጣሊያን ነጋዴዎች በጡብ ምድጃ ዳቦ መጋገር አስፋፉ። በወረራው አምስት ዓመት ጣሊያኖች መንገዶቹን ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም አቀኑ፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የመኪና ማረፊያ መሆን የጀመሩት በነዚሁ መንገዶች ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቃሊቲ የምግብ ፋብሪካ ዱቄት፣ ፓስታና ብስኩት ማምረት ያዘ። ወራሪው ሲባረር ምድጃውና ፋብሪካው ቀረ። ብስኩት በልጆች አፍ የገባው በዚህ በኩል ነው፤ በሱቅ ተገዝቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በቤት የማይሠራ ነገር ሆኖ።

ቅቤው ቀጠለ። በ1947 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 ያህል የውጭ ዝርያ የወተት ላሞች ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ ሾላ ላይ የተጀመረው የወተት ሥራ ከዚያ ተነሣ። የሱሉልታና የሰላሌ ገበሬ ቀስ በቀስ የከተማዋ ወተት አቅራቢ ሆነ። ከወተቱ ጋር ያልተነጠረው፣ ቅመም ያልገባበት የገበታ ቅቤ መጣ። ለኩኪስ የሚሆነው ይህ ነው። የተነጠረ ቅቤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ስለሚቀድም ለጭኮ እንጂ ለአልመንድ ኩኪስ አይስማማም።

ስኳሩ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ከወንጂ ወጣ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በአዋሽ ዳር የተከለው ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር ከውጭ የሚመጣ ብቻ መሆኑ ቀረ። በ1960 እ.ኤ.አ. የቆቃ ግድብ ከዚያው ከአዋሽ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ ገበሬ አደረሰ፤ አርሲም የሀገሪቱ የስንዴ ጎተራ እየሆነ ሄደ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ኤሌክትሪክ በሃያ ዓመት ውስጥ በሀገር ተገኙ። ሰበታ በዚያ ዘመን በሜታ አቦ ቢራዋና በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ትታወቃለች፤ ቡራዩ በገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባን ጥም ትቆርጣለች። በጓዳቸው ግን ገና ፋኖስና ማገዶ ነበር። ለዋና ከተማዋ ውሃና ወተት የሚያቀርቡ ሰፈሮች መብራት በኋላ ማግኘታቸው የሚያሳዝን እውነት ነው።

ከቻይና ጋር የነበረው ግንኙነት በዚሁ ጊዜ መልክ ያዘ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በጥር 1956 ዓ.ም. አሥመራ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። የዲፕሎማሲ ግንኙነቱ ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1964 መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ የወረታ–ወልድያ መንገድ በቻይና እርዳታና ባለሙያ ተሠራ፤ ተራራ መሰርሰሩ እንደ ሴራ ኔቫዳ የበረታ ሥራ ነበር። የጋይንትና የጋሸና ሰው ቻይናዊን ያወቀው ያኔ ነው።

በደርግ ዘመን የወተት፣ የዱቄትና የስኳር ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆኑ፤ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ ተመጠነ። ለሻይ የምትበቃ ስኳር ለብስኩት አትተርፍም። ስለ ኩኪስ የሚወራበት ጊዜ አልነበረም፤ ረሀብ ነበር፣ ጦርነት ነበር።

ከ1983 ወዲህ የኬክ ቤት ወደ መንገድ ዳር ከተሞች ወጣ። ኩኪስ በኪሎ ተመዝኖ በካርቶን መሸጥ ለመደ፤ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለመውሊድና ለገና። በጾም ጊዜ ወተትና እንቁላል የሌለበት የጾም ኬክና የጾም ኩኪስ ተለየ። ይህ የኛ ጋጋሪዎች የራሳቸው ጥበብ ነው። ዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ደንበኛ በዘይትና በሶዳ ብቻ ለስላሳ ነገር ማውጣት ቀላል ሙያ አይደለም። የቤቱ ወጥ ቤትም ተለወጠ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ፤ ኋላም ከመርካቶ የሚገዛ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከላይና ከታች የሚግል ሽቦ ያለው ትንሽ ኦቭን። አብዛኛው የቻይና ሥሪት ነው። ለሁለት ምጣድና ለአንድ እቅፍ ኩበት ምትክ የሆነው መሣሪያ ከኩኪሱ ሀገር መጣልን።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመረቀ። የሐዲዱ የምዕራብ ጫፍ ሰበታ ናት። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን ክፍል የሠራው የቻይናው ሲ.አር.ኢ.ሲ. ነው፤ ከዚያ እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለውን ሌላው የቻይና ኩባንያ ሲ.ሲ.ኢ.ሲ.ሲ.። ከ1909ኙ ባቡር 100 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በታኅሣሥ 2010 የንግድ አገልግሎት ሲጀምር ባቡሩን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስተዳደሩትም እነዚሁ የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አሮጌው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫም በቻይና እርዳታ ታደሰ። የካሊፎርኒያዎቹ ሐዲድ ሠሪዎች ኩኪሳቸውን ለአሜሪካ ትተዋል። የሰበታዎቹ ሐዲዱን ሠርተው አብዛኞቹ ሄዱ፤ ከሰበታ ሰው ጋር በአንድ ገበታ ብዙ አልተቀመጡም። ሠራተኛው በካምፕ፣ ምግቡም በካምፕ ነበርና። ይህ ያስቆጨኛል። ጎን ለጎን ብዙ ዓመት ሠርቶ የአንዱን እንጀራ፣ የአንዱን ብስኩት ሳይቀማመሱ መለያየት ትልቅ ዕድል ማባከን ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2012፣ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ የመጋገር አቅም አለው የተባለው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ ነበር። የዱቄት፣ የዘይትና የስኳር ዋጋ ግን መናሩን አላቆመም። ብዙ ሴቶች ወደ ቤት መጋገር የገቡት በዚህ ኑሮ ውድነት ምክንያት ነው፤ ከቤት ሳይወጡ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ በቴሌግራም ትዕዛዝ እየተቀበሉ።

ወደ ኩኪሱ እንመለስ፤ አሁን ሁሉም ነገር በእጃችን ነው። አልመንዱን ግን ለጊዜው እንተወው። ባቢሌ፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በኦቾሎኒዋ የታወቀች ናት፤ ቻይናውያንም አልመንድ ሲያጡ የዞሩት ወደ ኦቾሎኒ ነው። ስለዚህ በባቢሌ ኦቾሎኒ የተጋገረው የማስመሰያ ዕቃ አይደለም፤ የዚያው ቤተሰብ እውነተኛ ልጅ ነው። የአሳማ ስቡን ነገርም የዘይቱ አሠራር ፈትቶታል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላዋል፣ ጿሚውም ይበላዋል።

ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ተኩል ተፈልፍሎ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ከአንድ ኩባያ ትንሽ ጎደል ያለ የተፈጨ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ ኩባያ ያህል ዘይት። ኦቾሎኒውን ከመቁላት በፊት መልቀም ግዴታ ነው። የተጨማደደውን፣ የሻገተውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ሁሉ መጣል፤ በሻገተ ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም በመቁላት አይጠፋም። የተቆላው በእጅ ታሽቶ ቆዳው ይነፋል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዘነዘናው ከበዛበት ዘይቱ ይወጣና እንደ ቅቤ ይላቆጣል። እንደ ደረቅ ሽሮ ብን ሳይል፣ ትንሽ ቅንጣት ቅንጣት እያለ ይበቃዋል። ደረቁ ነገር በወንፊት ተነፍቶ ከኦቾሎኒው ጋር ይደባለቃል፤ ዘይቱ በጥቂት በጥቂቱ ይፈስበታል። ማቡካት የለም። ጨብጠው ሲጫኑት ከተያያዘ፣ ሲለቁት ካልፈሰሰ ዘይቱ በቅቶታል። ውሃ ጠብ አይበልበት።

ትንሽ ትንሽ ድቡልቡል ሠርቶ በፓትራ ላይ መደርደር፣ በአውራ ጣት መሐሉን ጫን አድርጎ ግማሽ ኦቾሎኒ መትከል። በፍስክ ቀን የእንቁላል አስኳል ይቀባል፤ በጾም ቀን በውሃ ተበጥብጦ የሟሟ ስኳር። ኦቭኑ ቀድሞ 165 ዲግሪ ያህል ይሙቅ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ ያልበሰለ መስሏቸው የሚመልሱት ሰዎች ያሳርሩታል። በፓትራው ላይ እንዳለ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

አልመንድ የሚገዛ አቅም ያለው ደግሞ በኦቾሎኒው ቦታ የተፈጨ አልመንድ፣ በዘይቱ ቦታ የገበታ ቅቤ፣ አንድ እንቁላልና ጥቂት የአልመንድ መዓዛ ያድርግ፤ የካሊፎርኒያውን ያገኛል። መዓዛውን ፍለጋ ግን የኮክ ፍሬ ሰብሮ አስኳሉን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። በኮክና በመራራ አፕሪኮት አስኳል ውስጥ ያለው አሚግዳሊን የተባለ ነገር ሲደቅ መልካሙን ሽታ ከሳያናይድ ጋር አብሮ ይለቃል። በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አጥብቄ አሳስባለሁ።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ሰበታ ዝቅ ብትልም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ሶዳው የሚፈጥረው ጋዝ ከቆላው ይልቅ ይለጠጣል፤ ኩኪሱ ይንሰራፋል፣ ጎኑ ይሳሳል፣ ስኳሩም ቶሎ ይከስላል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ አሠራር እዚህ የሚከሸፈው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ የጋጋሪዋ አይደለም። ሶዳውን በግማሽ መቀነስ፣ ከስኳሩ አንድ ሁለት ማንኪያ ማጉደል፣ ዱቄቱ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ መጨመር ያስተካክለዋል። ከላይ የሰጠሁት መጠን ይህን አስቦ ነው።

መብራቱን በተመለከተ፣ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ከኦቭን ጋር በአንድ ጊዜ ከተከፈተ የአሮጌ ቤት መስመር አይችለውም። ኦቭን የሌላት፣ ወይም መብራት የጠፋባት፣ ወፍራም ድስት ውስጥ ደረቅ ጨው አንጥፋ፣ ትንሽ ሳህን ገልብጣ፣ ፓትራውን በላዩ አስቀምጣ፣ ክዳኑ ላይ ፍም ማድረግ ትችላለች። የድፎው ዘዴ ነው፤ ኩኪሱም አይክድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጋግሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያስገቡ። ሦስቱን ብቻ አስገብተው ይፈትኑ፤ ከተንሰራፉ ለቀረው ሊጥ ዱቄት ይጨምሩ፤ ካልያዙ ዘይት። ከዚያ ሙሉውን ፓትራ ያስገቡ።